«ሙሉውን ለማየት ክፈሉ» የሚል የመንፈስ ቪዲዮ ካያችሁ ካርዳችሁን አታውጡ

አንድ የቪዲዮ ቻናል ለሦስት ወር ገንዘቤን ሲበላኝ ከርሟል። ስሙን አልጠራም። እንደሱ ያሉት ብዙ ናቸው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። የሚሸጡበት መንገድ ግን ስለሚመሳሰል እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በነጻ የሚታይ አጭር ቪዲዮ ይመጣል። ጨለማ ኮሪደር ነው። ማንም የለም። በር ቀስ ብሎ በራሱ ይከፈታል። ነጭ ጥላ የሚመስል ነገር ውልብ ይላል፤ ቪዲዮው እዚያው ላይ ይቆረጣል። ከስሩ «ያልተቆረጠው ሙሉ ቅጂ ለአባላት ብቻ» ይላል። አባቴን ከቀበርን ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ የማየው ይህንኑ ነበር። ከሞት በኋላ የሆነ ነገር እንዳለ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ከፈልኩ።

ገብቼ ያገኘሁት ያንኑ ቪዲዮ ነው፤ ሙዚቃ ተጨምሮበት ረዝሟል። ጥላው የሚያልፍበት ቦታ ላይ አሁንም ይቆረጣል። «ጥሬው ቅጂ» ከፍ ያለ ክፍያ ለሚከፍሉ ብቻ ነው ተባልኩ። ከቪዲዮው ስር ስለ አባቴ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። በሁለተኛው ወር በውስጥ መስመር መልእክት መጣልኝ። አባትህ ሊነግርህ የሚፈልገው ነገር አለ፣ በመሣሪያችን እናገናኝሃለን ይላል። ይህ ደግሞ ለብቻው ይከፈልበታል።

ልከፍል ነበር። ከመክፈሌ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። የዚያን በር ቪዲዮ ከካሜራው እንደወጣ፣ ምንም ሳይነካ ላኩልኝ አልኩ። መልስ የለም። በማግስቱ ስለ አባቴ የጻፍኩት ጠፍቷል፤ እኔንም ብሎክ አድርገውኛል።

ቪዲዮውን በደንብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ነጻው ቅጂ ዩቲዩብ ላይ ነበር። በኮምፒውተር ከፍታችሁ ቪዲዮውን አቁሙትና በእንግሊዝኛው ኪቦርድ የነጥቧን ቁልፍ ተጫኑ። ምስሉ አንድ አንድ ፍሬም እያለ ወደፊት ይሄዳል። ኮማዋ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። በጨለማ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ፤ እንደ አሸዋ ይርመሰመሳሉ። በዚህ ቪዲዮ የኮሪደሩ ቀኝ በኩል ይርመሰመሳል። ከበሩ አጠገብ ያለው የግራ ግድግዳ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እዚያ ላይ የተለጠፈው የቆመ ፎቶ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካሜራው በማስቆሚያ ላይ ይተከላል። ባዶው ኮሪደር ይቀረጻል። ቀጥሎ አንድ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ በሩን ሲስብ ይቀረጻል። ሰውየው የቆመበትን ቦታ በባዶው ምስል ይሸፍኑታል። ነጩ ጥላስ? ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ ያረዝማል። በዚያ መሃል የተራመደ ሰው ስስ ሆኖ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ በሰውነቱ ውስጥ ይታያል።

ይህ ንግድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ቦስተን ውስጥ ዊልያም ሙምለር የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ያስለቀሰበት ዘመን ነው። ሰው ገብቶ ፎቶ ሲነሳ ከጀርባው የሞተ ዘመዱን የሚመስል ደብዛዛ ምስል ይወጣለታል። ከጊዜ በኋላ ከእነዚያ «ሙታን» አንዳንዶቹ በከተማው በሕይወት ያሉ ሰዎች ሆነው ተገኙ። በ1869 ኒውዮርክ ላይ በማጭበርበር ተከሰሰ፤ ማስረጃ አልበቃ ብሎ ተለቀቀ። ስለሱ ሳነብ ከሁሉ የነካኝ ደንበኞቹ ናቸው። እንደኔው ሐዘንተኞች ነበሩ።

ደግሞ ተሸወድኩ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ ውስጥ ኮቲንግሊ በሚባል መንደር ሁለት ልጃገረዶች ክንፍ ካላቸው ትንንሽ ፍጡራን ጋር ፎቶ ተነሱ። የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል አመነ፤ ጽፎም አሳተመው። እውነቱ የወጣው በ1983 ነው። ከወረቀት ተቆርጠው በባርኔጣ መርፌ የቆሙ ሥዕሎች ነበሩ። ትልቅ አእምሮ ያለው ሰውም ማመን የሚፈልገውን ሲያሳዩት ያምናል።

ከቪዲዮው ስር ሊንክ አስቀምጠው መሣሪያም ይሸጣሉ። ኬ2 የሚባለው መብራታም መለኪያ የሚለካው የኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ነው። ስልካችሁን አስጠጉት፣ መብራቱ ይበራል። በግድግዳ ውስጥ ያለ የመብራት ሽቦም ያበራዋል። «ስፒሪት ቦክስ» የሬዲዮ ጣቢያዎችን በፍጥነት የሚያገላብጥ ሬዲዮ ነው፤ የተቆራረጠውን ድምፅ ቃል የሚያደርገው የኛ ጆሮ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ በመስመር የተሳለ ሰው የሚያሳየው ካሜራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2010 ለቪዲዮ ጌም የወጣው ኪኔክት ነው። የተሠራው የሰው ቅርጽ ፈልጎ እንዲያገኝ ነው። ወንበርና መጋረጃ ላይም ያገኛል። በሌሊት የደህንነት ካሜራ ላይ የሚንሳፈፉት ብርሃናማ ኳሶች ሌንሱ ጋ የተጠጋ አቧራና ነፍሳት ናቸው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጨርቅ አራግፋችሁ በፍላሽ ፎቶ አንሱና እዩት።

አሁን ደግሞ በር የሚስብ ሰውም አያስፈልግም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጽሑፍ የታዘዘውን ቪዲዮ ይሠራል። ብዙዎቹ የደህንነት ካሜራ እንዲመስሉ የሚደረጉት ብዥታው ስህተቱን ስለሚደብቅ ነው። ጥግ ላይ ያለውን ሰዓትና ቀን ተመልከቱ፤ ቁጥሮቹ ይዘበራረቃሉ ወይም አይቆጥሩም። ከሰው ጀርባ ገብቶ የሚወጣ ዕቃ መልኩን ይቀይራል። እነዚህ ምልክቶች ግን በየጊዜው እየጠፉ ስለሆነ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። ማን ቀረጸው? የት? መቼ? ዋናው ፋይል የታል? ሻጩ እነዚህን ካልመለሰ አትክፈሉ።

ጄምስ ራንዲ የሚባል የመድረክ ምትሃት አሳዪ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል እንዳለው በተስማሙበት ፈተና ላሳየ ሰው ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በአንድ ሺህ ዶላር ጀምሮ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። በ2015 እስኪቋረጥ ድረስ የመጀመሪያውን ማጣሪያ እንኳ ያለፈ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሦስተኛው ወር የተከፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ብሎክ ካደረጉኝ በኋላ የምከፍልበትን አፕ ከስልኬ አጠፋሁት። ክፍያው ግን ቀጠለ። አፕ ማጥፋት ወርሃዊ ክፍያን አያቆምም። ጎግል ፕሌይ ወይም አፕ ስቶር ውስጥ ገብታችሁ የደንበኝነት ክፍያዎች (Subscriptions) የሚለውን ክፈቱና ራሳችሁ ሰርዙት። በካርድ በቀጥታ ከፍላችሁ ከሆነ ባንካችሁን ጠይቁ። ደረሰኙንና የጻፉላችሁንም ሁሉ ፎቶ አንሱ።

ሰው የሞተባችሁ ደግሞ ሐዘናችሁን እንዲህ ባለ ቪዲዮ ስር አትጻፉ፤ እነሱ የሚያነቡት ማን እንደሚከፍል ለማወቅ ነው። እኔ የላኩልኝን መልእክት አስቀምጬዋለሁ። ተመሳሳይ የደረሳችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ቃሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ጎን ለጎን አድርገን እናሳያለን።