አሳው እጅ ያስቆረጥማል፣ ስክሪኑ ግን ይዙር

ቅዳሜ ለ11 ሰዓቱ ጨዋታ አባቴን ይዤ ጣና ዳር ካለ አንድ አሳ ቤት ገባሁ። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ኳስ ግን አያመልጠውም። አሳ ጥብሱ እንደ ሁልጊዜው ነው። ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ እስከ አጥንቱ በስሎ፣ ከዳጣ ጋር ይመጣል። በምግቡ ቅሬታ የለኝም።

ትልቁ ስክሪን ግን ያሳዝናል። የሰቀሉት በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በቆርቆሮው ክዳን ሥር ገብታ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ኳሱ ጠፋ፣ ማልያው ጠፋ። ውጤቱ የሚጻፍበት የግራ ጥግ ደግሞ በአምፖል ገመድ ተሸፍኗል። አባቴ በየአምስት ደቂቃው «ልጄ፣ ስንት ለስንት ነው?» ይለኛል። እኔም እየተነሳሁ፣ አንገቴን አስግጌ አይቼ እመለሳለሁ።

ሥራዬ ዲሽና ቴሌቪዥን መግጠም ስለሆነ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ግድግዳው ባዶ ነው ተብሎ ስክሪን አይሰቀልም። ሰው የት ይቀመጣል? ፀሐይዋ በየት ትገባለች? መጀመሪያ እሱ ነው የሚታየው። የአሜሪካኖቹን ቤዝቦል ተመልከቱ። የጨዋታው ሕግ ከመቺው ወደ ወርዋሪው የሚሄደው መስመር ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ቢያቀና ይመረጣል ይላል። የከሰዓት ፀሐይ የመቺውን ዓይን እንዳትወጋው ነው። ከወርዋሪው ጀርባ ደግሞ ነጯ ኳስ እንድትለይ ጠቆር ያለ መደብ ይተዋሉ፤ ስክሪኑ ከዚያ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይሸሻል። ፊቱ ወደ ምዕራብ ቢዞር እንኳ ፀሐይ የሚቋቋም ኃይለኛ ኤልኢዲ ነው። የሳሎን ቴሌቪዥን ያንን አይችልም።

እዚሁ ቤት በረንዳው ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፤ ምሰሶ ላይ፣ ጀርባዋን ለጣና ሰጥታ። ሐይቁ በሰሜን ስለሆነ ፀሐይዋ ከጎን ነው የምትመጣው፤ ፊቷን አታገኛትም። የተሰቀለችውም ከተቀመጠ ሰው ዓይን ብዙ ሳትርቅ ነው። በእረፍቱ አባቴን ወደዚያ አዛወርኩት። እስከ ጨዋታው መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ ውጤት አልጠየቀኝም።

አስተናጋጇን «እህቴ፣ ትልቁን ወደዚህ ብታዞሩት» አልኳት። ለባለቤቱ እነግራለሁ አለችኝ። ብረቱንና ገመዱን ካቀረቡ እኔ በነጻ እገጥመዋለሁ። እስከዚያው የ11 ሰዓት ጨዋታ ከሆነ ቀደም ብላችሁ በረንዳውን ያዙ። የምሽት 1 ሰዓት ተኩሉ ከሆነ ትልቁም አያስቸግርም፤ ገመዱን ብቻ ፈቀቅ አድርጉልን በሏቸው።