እንስራ ወይስ ጀሪካን?

ደብረ ብርሃን ቤት የተከራየች እህቴ «ውሃ በምን ላስቀምጥ?» አለችኝ።

ከስሙ ልጀምር። ጀሪካን የጦርነት ቃል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሏቸው ነበር። 20 ሊትር የሚይዘውን የጀርመኖች የብረት ነዳጅ መያዣም በዚሁ ስም ጠሩት። እኛ ጋ ደርሶ ቢጫ ፕላስቲክ ሆነ። እንስራም ጀሪካንም ዛሬ መለኪያ ናቸው፤ «ሁለት ጀሪካን ውሃ»፣ «አንድ እንስራ ጠላ» እንላለን።

ለመሸከም፦ ጀሪካን። ክዳን አለው፣ ቢወድቅ በቀላሉ አይሰበርም፣ አህያ ላይ ይጫናል። እንስራ ባዶውንም ይከብዳል። እናቶቻችን አዝለውት ዳገት ሲወጡ ገመዱ ደረታቸው ላይ የሚተወውን ሰንበር አይቻለሁ። ያ ሸክም እንዲመለስ አልፈልግም።

ለማቀዝቀዝ፦ እንስራ። ሸክላው ያልበዋል፤ እርጥበቱ ሲተን ውሃው ይቀዘቅዛል። ለሸዋ ሮቢት ሙቀት ትልቅ ነገር ነው። ለደብረ ብርሃን ብርድ ግን አያስፈልግም።

ለጠላ፦ እዚህ ላይ አልደራደርም። እንስራው በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ጭሱ ሸክላው ውስጥ ይቀራል። ጠላው ሲቀዳ መጀመሪያ የሚመጣው ያ ሽታ ነው። ፕላስቲክ አይታጠንም።

ስጋቱስ? እንስራ አንዴ ካዳለጠ አለቀ። ያገለገለ ጀሪካን ስትገዙ ደግሞ ቀድሞ ምን እንደያዘ ጠይቁ። የኬሚካል ከነበረ ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

እህቴ ለውሃው ሁለት ጀሪካን ትግዛ። ለገና ጠላ ከጠመቀች ግን የእናታችን እንስራ አለላት።