ሰርፕስ፦ ስለ ጫት ሳይጠይቅ ለሱስ ተጋላጭነትን የሚመዝን መጠይቅ

ሰርፕስ (SURPS፣ በሙሉ ስሙ Substance Use Risk Profile Scale) በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው መጠይቅ ስለ ጫትም ሆነ ስለ መጠጥ አንድም ጥያቄ አያነሣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኮንሮድና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በጥናት መጽሔት የታተመው ይህ መለኪያ 23 ዓረፍተ ነገሮችን ብቻ አቅርቦ፣ ተማሪው ከ«ፈጽሞ አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ካሉት አራት መልሶች አንዱን እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ከመልሶቹም ተስፋ መቁረጥን፣ የጭንቀትን አካላዊ ምልክቶች መፍራትን፣ ግብታዊነትንና አዲስ ስሜት ፈላጊነትን ለየብቻ ይደምራል።

«ትቅማለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ወረቀቱ ከዲኑ ጠረጴዛ እንዳይደርስ ፈርቶ «አልቅምም» ብሎ ይገላገላል፤ ብዙ ጊዜ ሳያስብ እንደሚናገር ለማመን ግን ያን ያህል አይሸማቀቅም። በተማሪዎች ምክር አገልግሎት ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች የአራቱ ውጤት ተለይቶ መታየቱም ትልቅ ነገር ነው፤ የልቡ ምት በተለወጠ ቁጥር ደንግጦ ለመረጋጋት የሚጠጣውና ለአዲስ ነገር ጓጉቶ ከምርቃና ወደ ጨብሲ የሚሸጋገረው ተማሪ በአንድ ዓይነት ምክር አይመለሱም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከተስፋ መቁረጥ ክፍል ነው። ከሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች ስድስቱ ስለ ደስታ፣ ስለ እርካታና ስለ መጪው ዘመን በጎነት የሚናገሩ ስለሆኑ ነጥባቸው ተገልብጦ ይያዛል፤ በእነሱ የተስማማ ተማሪ ዝቅተኛ የተስፋ መቁረጥ ነጥብ ያገኛል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰው ሆዱ እያረረም ቢሆን «ተመስገን» ማለትን ተምሮ ነው የሚያድገው። የራሴን ትርጉም አዘጋጅቼ ስሞክር፣ ሁለት ኤፍ አግኝቶ ከግቢ ሊሰናበት የደረሰ ልጅ «ደስተኛ ነኝ» ከሚለው ፊት ለፊት «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን ሳያመነታ አከበበ፤ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ታዲያ አምላኬን ላማርር?» አለኝ።

አዲስ ስሜት ፈላጊነትን የሚለካው ክፍል ደግሞ በፓራሹት ስለ መዝለልና ሞተር ሳይክል መንዳት ስለ መማር ያነሣል። ሞተር ሳይክል ለአንዱ ድፍረት ቢሆንም፣ የግብርና ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ሲዞር እያየ ላደገው ልጅ የሥራ መሣሪያ ነው። ፓራሹቱስ ሳቅ ከማስነሣት ያለፈ ነገር አላስገኘልኝም።

ግብታዊነትን የሚመለከቱት አምስቱ ግን በአማርኛም ስሜታቸውን አልለቀቁም፤ በተለይ ኋላ በሚጸጸቱበት ነገር ውስጥ ስለ መግባት የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዙዎቹ እስክሪብቷቸውን ያቆማሉ። መጠይቁን ሊጠቀም ያሰበ ባለሙያ ነጥቡን ከውጭ አገር አማካይ ጋር ሳይሆን ከራሱ ግቢ ተማሪዎች አማካይ ጋር ያስተያይ፤ በተስፋ መቁረጥ ክፍል ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውንም ልጅ ሻይ ጋብዞ ያነጋግር።