በሐይቅ የተሰጠው የመራጮች ትምህርት፦ ስለ መሣሪያና ስለ ምርጫ ጣቢያ

በደቡብ ወሎ ሐይቅ ከተማ አንድ የሲቪክ ማኅበር በነጻ የሚሰጠውን የመራጮች ትምህርት ተከታትያለሁ። ትምህርቱ ግማሽ ቀን የሚወስድ ሲሆን ርእሱ አንድ ብቻ ነው፤ በድምፅ መስጫ ቀን በምርጫ ጣቢያና በዙሪያው መሣሪያ ይዞ መገኘትን ስለሚከለክሉ ሕጎች። ለቀበሌያቸው፣ ለዕድራቸው ወይም ለትምህርት ቤታቸው ይህንኑ አገልግሎት ለመጥራት ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ትምህርቱ ሊጠራ የሚገባው ነው። በአካባቢያችን የመራጮች ትምህርት ሲባል የለመድነው ካርድ ስለማውጣት፣ በወረቀቱ ላይ ምልክት ስለማድረግና አጥፎ ሳጥን ውስጥ ስለመክተት የሚነገረውን ነው። ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሳጥኑ ዘንድ እስኪደርስ በመንገዱ ላይ ምን እንደሚያስፈራው የሚጠይቅ ትምህርት ግን ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። በወሎ ገጠር ደግሞ ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ለገበሬው መሣሪያ ንብረቱም ክብሩም ነው፤ ሠርግ ሲሄድ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሩቅ ገበያ ሲወርድ አብሮት ይወጣል። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ ደግሞ መሣሪያን የሚያየው ቤቱን እንደሚጠብቅለት ነገር ሆኗል። እንዲህ ላለው ሰው «መሣሪያ ይዘህ አትምጣ» ብቻ ቢሉት ትጥቁን ሊያስፈቱት የመጡ ይመስለዋል፤ ሕጉንም ገና ሳይሰማው ይጠላዋል።

አሠልጣኞቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ነገሩን የጀመሩት ከአዋጅ ሳይሆን ተሰብሳቢው ከሚኖርበት ልማድ ነው። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ ባላንጣዎቹ መሣሪያቸውን ከውጭ ትተው እንደሚገቡ አስታወሱ፤ ይህንንም ማንም እንደ ንቀት እንደማይቆጥረው ሕዝቡ ራሱ መሰከረ። ከዚያ በኋላ ሕጉን ማስረዳት ቀለላቸው። አንድ አዛውንት ተነሥተው አሠልጣኟን «ልጄ፣ እኔ ጠመንጃዬን እንዳነገትሁ ብመርጥና ጎረቤቴ ከኋላዬ ቆሞ አፈ ሙዙን ሲያይ ቢውል፣ እኔ መርጫለሁ፤ እሱ ግን መረጠ ይባላል?» ብለው ጠየቁ። እሷም «አባቴ፣ ከእርስዎ የተሻለ አላስረዳም» ብላ ጥያቄያቸውን በሰሌዳው ላይ ጻፈችው፤ እስከ መጨረሻውም ሳይጠፋ ቆየ።

የአገራችንን ሕግ ያቀረቡበት መንገድ ግልጽ ነበር። የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 እና የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን እንደሚገዙ በሚገባ ለይተው አሳይተዋል። የመጀመሪያው ምርጫውን ይገዛል፤ ሁለተኛው መሣሪያን በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ ያስገባል፤ ፈቃድ ማግኘት ግን መሣሪያውን ይዞ የትም ለመግባት መብት ማግኘት አይደለም። «ወረቀት አለኝ» የሚለው ክርክር በየስብሰባው የሚነሣ በመሆኑ እዚህ ላይ ጊዜ መስጠታቸው ተገቢ ነበር። በአንድ ምርጫ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ሊመዘገብ እንደሚችል ጠቅሰው፣ በእንዲህ ያለ ሰልፍ አጠገብ አንድ የታጠቀ ሰው ቢቆም ምን ያህል ዓይን እንደሚያርፍበት ተሰብሳቢው ራሱ እንዲገምት አደረጉ።

ከሁሉ የወደድሁት ስለ ሌሎች አገሮች የተነገረው ክፍል ነው። ክልከላው ለእኛ ብቻ የታሰበ ውርደት አለመሆኑን ያሳያልና። በአሜሪካ የደላዌር ግዛት እ.ኤ.አ. በ1776 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ታጥቆ ወደ ምርጫ እንዳይመጣ ከልክላ ነበር፤ በዚያው ቀን የሚሊሻ ስብስብ እንዳይጠራም ጨምራለች። አገሪቱ መሣሪያ የመያዝ መብትን በሕገ መንግሥቷ ያሰፈረች ሆና ሳለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2022 በሰጠው ውሳኔ የምርጫ ጣቢያን መሣሪያ ሊከለከልባቸው ከሚችሉ ልዩ ቦታዎች መካከል ቆጥሮታል። ርቀቱ ግን እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በጆርጂያ 150 ጫማ፣ በቨርጂኒያ 40 ጫማ ነው። በፊሊፒንስ ደግሞ የምርጫ ሕጉ ከጣቢያው ዙሪያ 100 ሜትር ይከልላል። ለተሰብሳቢው የታደለው ጽሑፍ ጫማውን ወደ ሜትር ሳይለውጥ በማለፉ ብዙዎች ግራ ተጋብተዋል፤ 150 ጫማ ወደ 46 ሜትር፣ 40 ጫማ ወደ 12 ሜትር መሆኑን በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃ ነበር።

የሚሊሻውና የፖሊሱ መሣሪያስ? ይህን ያነሡት ከኋላ የተቀመጡ እናት ነበሩ፤ የሚያስፈራቸው ጠመንጃው እንጂ የያዘው ሰው የለበሰው ልብስ አለመሆኑን ተናገሩ። አሠልጣኞቹ ጥያቄውን አልሸሹም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የመንግሥት ባለሥልጣን ወታደር ወይም የታጠቀ ኃይል በምርጫ ቦታ እንዳያሰማራ የሚከለክል መሆኑን፣ የተተወው በር የታጠቀ ጠላትን ለመመከት ብቻ መሆኑን ጠቅሰው፣ ጥበቃ አስፈላጊ ቢሆንም የጠባቂው መሣሪያ ከመራጩ ሰልፍ ራቅ ማለት እንዳለበት አስረዱ። እኔም በዚህ ፈጽሞ እስማማለሁ። ገበሬውን ብቻ ትጥቅ አስቀምጥ ብሎ ሌላውን በበሩ ላይ ማቆም ክልከላውን በሕዝቡ ፊት ዋጋ ያሳጣዋል።

ትምህርቱ የጎደለው በአንድ ትልቅ ነገር ነው። ከሩቅ ጎጥ በእግሩ የሚመጣ ሰው መሣሪያውን የት ያኑረው? አንድ ወጣት ገበሬ ይህን ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ «ቤት ተውት» የሚል ብቻ ነበር። ቤቱን ዘግቶ ከነቤተሰቡ ለምርጫ የሚወጣ ሰው ክላሹን ባዶ ቤት ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ቢሰረቅ የሚጠየቀውም እሱ ነው። መንገድ ላይ ይዞት ቢወጣ ደግሞ ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ይመለሳል፤ ድምፁም በዚያው ይቀራል። በሕንድ በምርጫ ሰሞን በብዙ ቦታ ባለፈቃዶች መሣሪያቸውን ለፖሊስ አስረክበው ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ ይረከባሉ፤ ታጥቆ ወደ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ወይም ወደ አካባቢው መሄድም እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው የሕዝብ ውክልና ሕግ በእስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። ስለ ርክክቡ አሠራር በስብሰባው ምንም አልተነገረም፤ ለእኛ ሰው ግን ከደላዌርም ከጆርጂያም ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነበር። ቁጥሩ በደረሰኝ ተመዝግቦ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው፣ ከጣቢያው ራቅ ባለ ቤት መሣሪያ የሚቀመጥበት መንገድ ቢታሰብ ያ ወጣት ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤቱ ባልተመለሰ ነበር።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ የዙህር (የቀትር) ሶላት ሰዓት ታስቦ ዕረፍት መሰጠቱ፣ ቋንቋውም የአገሬው መሆኑ ደስ ያሰኛል። የታደለው ጽሑፍ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ለአዛውንቶች አይነበብም፤ ድምፅ ማጉያውም ወደ ኋላ አይደርስም፤ ሴቶቹ የተቀመጡት ደግሞ እዚያ ነው።

አገልግሎቱን የምትጠሩ ሁሉ የቀበሌውን የሚሊሻ ኃላፊና የጎጥ ሽማግሌዎችን አብራችሁ ጥሩ፤ መሣሪያ ስለሚቀመጥበት ቦታ ከአሠልጣኞቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሴቶችንም ከፊት አስቀምጡ።