በእንግሊዝ ገጠር መስክ ያለው የጥንት ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ወገኖቼ። እንግሊዝ አገር የምትኖሩና ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እኛ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የምንኖረው ብሪስቶል ነው። ከፋሲካ ማግስት ሱመርሴት ውስጥ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ቤት ለሽያጭ ወጥቶ አየን። አራት መኝታ ቤት፣ የፖም ዛፍ ያለበት የአትክልት ቦታ፣ ከጀርባው ደግሞ እነሱ ፓዶክ የሚሉት የፈረስ መስክ ሁለት። ዋጋው 780,000 ፓውንድ። ለብቻችን ስለማንችለው ለንደን ያለው ወንድሜ ግማሹን ልግባ አለ። እናታችን ስትመጣ ጎመንና ቃሪያ የምትተክልበት መሬት ታገኛለች፣ ልጆቹም ከበግ ጋር ያድጋሉ አልን። ባዝ የሚገኘው ፌርፊልድ ሀውስ፣ ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት፣ ለእኛ ቅርብ ነው፤ እዚያ ግቢ በሄድን ቁጥር እንዲህ ያለ ቤት ስንመኝ ኖረናል። ደላላው ይህን ምኞታችንን ገና በመጀመሪያው ቀን አነበበው።

በዚህ አገር አሮጌ ቤት የገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ጥፋትም አብሮ ይገዛል። ይህን የነገረን አልነበረም።

ቤቱ ሊስትድ ነው፣ ማለትም በቅርስነት የተመዘገበ፤ ደረጃው ግሬድ 2። ከ1700 በፊት ተሠርተው መልካቸውን ያልለወጡ ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ እስከ 1850 ከተሠሩትም አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት ላይ ያለ ካውንስሉ ፈቃድ ባሕርዩን የሚለውጥ ሥራ መሥራት፣ ከውስጥም ቢሆን፣ ወንጀል ነው። የእኛ ሰርቬየር፣ ማለትም ከግዢ በፊት ቤቱን የሚፈትሸው ባለሙያ፣ ወጥ ቤቱን ሲመረምር የድሮው ምድጃ ግድግዳ ፈርሶ ጣሪያው በብረት ተደግፎ አገኘው። ከኋላ ያሉት የእንጨት መስኮቶችም በፕላስቲክ ተተክተዋል። ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ያፈረሰው ከአሁኑ ሻጭ በፊት የነበረ ሰው ነው፤ ካውንስሉ ግን «እንደነበረው መልስ» ብሎ የሚያዘው ቤቱን ዛሬ የያዘውን ነው። የጊዜ ገደብም የለውም። ሃያ ዓመት አልፎታል ብላችሁ አትከራከሩም። ማስተካከያውን ስትሠሩ ደግሞ 20 በመቶ ቫት አለባችሁ፤ ለሊስትድ ቤቶች በፈቃድ ለሚደረግ ለውጥ የነበረው የቫት ነጻነት በ2012 ተነሥቷል።

ደላላው ይህን ስንነግረው «ኢንደምኒቲ ኢንሹራንስ ግዙና እለፉት» አለን፤ ካውንስሉ በዚህ ጥፋት ቢመጣባችሁ ኪሳራውን የሚሸፍን መድን ማለት ነው። ጠበቃችን ውሉን አነበበችልን፤ ስለ ጉዳዩ ካውንስሉን ካነጋገራችሁ ኢንሹራንሱ ይፈርሳል ይላል። ታዲያ ነገ ጣሪያ ለማደስ ፈቃድ ስንጠይቅ የካውንስሉ ሰው መጥቶ ወጥ ቤቱን አያይምን?

ከሁሉ ያበሳጨኝ ግን መስኩ ነው። ማስታወቂያው «ለፈረስ ተስማሚ፣ ወደፊትም ብዙ ሊሠራበት የሚችል» ይላል። የውሉ ረቂቅ ሲመጣ መሬቱ ላይ ኦቨሬጅ የሚባል አንቀጽ ተጽፎበታል፦ በሚቀጥሉት 30 ዓመታት በመስኩ ላይ ማንኛውም የግንባታ ፈቃድ ቢወጣ፣ ዋጋው ከጨመረው 40 በመቶውን ለሻጩ ትከፍላላችሁ። አንቀጹ ራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፣ በገጠር መሬት ሽያጭ የተለመደ ነው። ነውሩ መሬቱን «ብዙ ሊሠራበት የሚችል» ብሎ በሙሉ ዋጋ እየሸጡ የወደፊቱን ጥቅም ለሻጩ ማስቀረት ነው። የፈረስ ጋጣም ቢሆን «ማንኛውም ፈቃድ» ከሚለው አይወጣም።

ፈረስ ካነሣሁ አይቀር፣ ፈረስ ሣር እንዲግጥ መልቀቅ አንድ ነገር ነው፤ መኖ እየሰጡ ማቆየት፣ ማለማመድ፣ ጋጣ ማከራየት ደግሞ ሌላ ነው፣ የመሬቱን አጠቃቀም ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል። የአትክልቱ ቦታ እኩሌታም በወረቀት የእርሻ መሬት ሆኖ ተገኘ፤ ሻጩ አጥሩን ገፍቶ ሣር አጭዶበታል እንጂ ፈቃድ አላወጣም። በግ እናቆያለን ላላችሁም፣ ለአንድ በግ እንኳ አስቀድሞ በጉ ለሚቆይበት መሬት የይዞታ ቁጥር ማውጣት ግዴታ ነው።

አሁን እንደ እኛ ከወንድምና ከእህት ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ ለመግዛት ለምታስቡ። ወንድሜ ለንደን ውስጥ ፍላት አለው። ከገዢዎቹ አንዱ ሌላ ቤት ካለው፣ ከጥቅምት 31 ቀን 2024 ጀምሮ ስታምፕ ዲዩቲው፣ ማለትም ቤት ሲገዛ የሚከፈለው ግብር፣ ላይ 5 በመቶ ይጨመራል፤ ያውም በእሱ ድርሻ ብቻ ሳይሆን በሙሉው ዋጋ ላይ። የእኛ 29,000 ፓውንድ 68,000 ሆነ ማለት ነው። ደላላው ያመጣው «የግብር አማካሪ» መስኩን የንግድ መሬት ብለን ብናስመዘግብ ግብሩ ወደ 28,500 እንደሚወርድና ከተረፈው ላይ ድርሻውን እንደሚወስድ ነገረን። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሰው አትስሙ። ከቤቱ ጋር ያለ መስክ የግቢው አካል ነው እያለ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ብዙዎችን ፍርድ ቤት አቁሞ ረትቷል፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በ2022 ሰፊ ግቢ ያላቸውን ገዢዎች ክርክር ውድቅ አድርጓል። መስኩን በእውነት ለሌላ ሰው በንግድ ያከራዩ ጥቂቶች ረትተው ይሆናል፣ የእኛ ግን ባዶ ሣር ነበር። ቅጹ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ፤ ዕዳውም ቅጣቱም ሲመጣ አማካሪው የለም።

ሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም የቤቱ የመጸዳጃ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ፍሳሹን በቀጥታ ወደ ጅረት ይለቅ ነበር፤ ይህ ከ2020 መግቢያ ጀምሮ አይፈቀድም። በዚያ ላይ ታንኩ ያለው በጎረቤት መሬት ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ሲወጣ ደላላው በየቀኑ እየደወለ «ሌላ ገዢ አለ፣ እስከ ዓርብ ውል ካልተለዋወጣችሁ ቤቱ ይሄዳል» ይል ነበር። ለምን እንዳጣደፈን በኋላ ገባን። ገዢና ሻጭ የፈረሙትን ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል፤ ከተለዋወጡ በኋላ ገዢው ቢወጣ ግን 10 በመቶው ቀብድ፣ በእኛ 78,000 ፓውንድ፣ ይቀልጣል። ደላላው የሚከፈለው በሻጩ ነው፤ «የራሳችን ጠበቃ አለን፣ ርካሽ ነው» ቢላችሁም እምቢ በሉ። ሰርቬዩንም ደረጃ 3 የሚባለውን ጥልቁን ምርመራ፣ አሮጌ ቤት በሚያውቅ ሰው አሠሩ። ቤቱ ሊስትድ መሆኑን በሂስቶሪክ ኢንግላንድ (የቅርስ መሥሪያ ቤቱ) መዝገብ፣ የተሰጡትን ፈቃዶች በካውንስሉ ድረ ገጽ በነጻ ታያላችሁ፤ የመሬቱን ካርታ በጥቂት ፓውንድ ከላንድ ሬጅስትሪ (የመሬት መዝገብ ቤት) አውጡና ወሰኑን የሚያሳየውን ቀይ መስመር እያያችሁ አጥሩን በእግራችሁ ዙሩት። እኛ ይህን ያደረግነው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለሰርቬይና ለጠበቃ 4,600 ፓውንድ ከስረን ወጣን።

ባለፈው ሳምንት ቤቱ በ30,000 ፓውንድ ቀንሶ እንደገና ወጥቷል። ፎቶው ያው ነው፤ ስለ ኦቨሬጁም ስለ ወጥ ቤቱም አንድ ቃል አልተጻፈም። በዚያ አካባቢ ቤት እያያችሁ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የሰርቬዩን ወረቀት አሳያችኋለሁ።