ባሌስትራዬን ላስተካከሉልኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ የሚሠሩ አንድ የባሌስትራ ባለሙያ አሉ። ባሌስትራ ማለት መኪናዋን ጎማዎቿ ላይ የሚሸከመው፣ ከተደራረቡ ጠፍጣፋ ብረቶች የተሠራው ስፕሪንግ ነው። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸው ነው የምጽፈው። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለለመኑኝ አላወጣም። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ ብዬ ልቀጥል።

መኪናዬ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት፣ ሰባ አምስት የሚባለው ሞዴል። ፊቷም ኋላዋም ባሌስትራ ነው። በፈረንጆቹ 1999 የመጣችው ሰባ ዘጠኝ ሞዴል ግን ፊቷ ሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) ሆኗል፣ ባሌስትራ የቀረላት ከኋላ ብቻ ነው። እኔ ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ ዕቃ አመላልሳለሁ። ሳንቃ በርንና ጨነቅን አልፎ፣ በቧሂት በኩል ወደ 4,200 ሜትር የሚወጣውን መንገድ የሄደበት ሰው ያውቀዋል። ክረምት ጠጠሩን ጠርጎ ሲወስደው አንዱ ጎማ ጉድጓድ ይገባል፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ይወጣል። የኔዋ ኋላዋ ድርቅ ያለ ስለነበር አንዱ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠል ነበር። የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ደግሞ ዙሩን የሚለቀው ለተንጠለጠለው ጎማ ነው። እሱ ባዶውን ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ባለችበት ትቀራለች። ገደል አፋፍ ላይ፣ ከኋላ ሰው ተጭኖ፣ በጣም ያስፈራል።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ብረት አስጨምርና ከፍ አድርጋት» ነበር የሚለኝ። ጋሼ ግን እምቢ አሉ። መጀመሪያ አንዱን የኋላ ጎማ ወፍራም ግንድ ላይ አስወጡት። ከዚያ ሥር ገብተው በሜትር መለካት ጀመሩ። ጎማው ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚገባ፣ በሌላው በኩል ምን ያህል እንደሚወርድ፣ የቱ ላይ ምን እንደሚይዘው። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናዬን እንዲህ የለካልኝ ሰው አልነበረም።

ችግሩ ከሦስት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ዋናው የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ወፍራም ብረት ነው። ጋሼ ያስረዱኝን እኔም ላስረዳችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። የባሌስትራ ብረት ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ብረት የሌሎቹን ሁሉ ልፋት ያበላሻል። ክብደቱን ቀጫጭን በሆኑ ብዙ ብረቶች ብታከፋፍሉት ያንኑ ጭነት ይሸከማል፣ ግን ይተጣጠፋል። እንደዚያ አደረጉልኝ። ወፍራሙን አውጥተው በቀጫጭን ተኩ፣ ዝገቱን ጠረጉ፣ ብረቶቹ ሲፋተጉ እንዳይያያዙ ጫፍ ጫፋቸውን አለሰለሱ። ብረት በመቀነስ ብቻ ለማለስለስ ግን አልፈለጉም። በጣም የሳሳ ባሌስትራ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ይጠማዘዛል፣ መጨረሻ ዋናው ብረት ይሰበራል። ብየዳም ወደ ባሌስትራ አያስጠጉም። እሳት የነካው የባሌስትራ ብረት ጥንካሬው ይሄዳል።

ሁለተኛው ሻክሉ ነው፣ የባሌስትራውን ጫፍ ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ተወዛዋዥ ማያያዣ። ባሌስትራ ሲጫን ይዘረጋል፣ ይረዝማል። ያ ርዝመት መሄጃ የሚያገኘው ሻክሉ ሲወዛወዝ ነው። የኔ ጎሚኒው (በብሎኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ) አልቆ፣ ብሎኑ ዝጎ፣ እንደ ተቆለፈ በር ደርቆ ነበር። ጎሚኒውን ቀየሩ። ብሎኑን ግን መኪናዋ ክሪክ ላይ እያለች አላጠበቁትም። ጎማዋ መሬት ረግጦ ክብደቷ ካረፈ በኋላ ነው ያጠበቁት። አየር ላይ ከጠበቀ የላስቲክ ጎሚኒ ሁልጊዜ ተጠማዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ይህችን ብቻ እንኳ ለመካኒኮቻችሁ ንገሩልኝ።

ሦስተኛው ሾኩ (የባሌስትራውን መንጠር የሚያበርደው) አጭር መሆኑ ነበር። ባሌስትራው ገና መውረድ ሲፈልግ ሾኩ ተዘርግቶ አልቆ ይይዘዋል። ረዘም ያለ ገባ፣ ሲታመቅም ታች እንዳይመታ ተለክቶ። የፍሬን ቱቦውንም ጎማው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ አዩት። ተወጥሮ ስለነበር ያለ እሱ መኪናዋን አንሰጥህም አሉ። እኔ ስለ ፍሬን አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር። ለዚህ ነው በጣም የማከብራቸው።

አሁን ያቺ የምታስቸግረኝ ጉድጓድ ላይ አራቱም ጎማ መሬት ይይዛል። ከፍታዋ ያው ነው። ከኋላ የሚቀመጡ እናቶች «ምን አደረግሃት?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ሥራውም በአንድ ቀን አያልቅም። ግን ያወጡትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ያሳያሉ፣ የማያስፈልገውን አያስገዙም። ልጆቻቸውም ሰው አክባሪዎች ናቸው። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስንት ቤተሰብ በሰላም እየገባ እንደሆነ እርስዎ አያዩትም፣ እኔ ግን በየመንገዱ አያለሁ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። በጠዋት ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ስንት ኩንታል እንደምትጭኑ በትክክል ንገሯቸው፣ ብረቱን የሚመርጡት በዚያ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስረውን የዩ ቦልት ዳዶዎች ለማስጠበቅ ተመለሱ። ለዚያ አያስከፍሉም።