ሌኖቮ ሎክ 15፦ ጌሙን ይችላል፣ ሙቀቱን ግን ጠብቁለት

በ2023 የወጣው 15.6 ኢንቹ የጌም ላፕቶፕ ሌኖቮ ሎክ፣ ኮር አይ5-13420ኤች ፕሮሰሰርና 6 ጊጋ አርቲኤክስ 4050 ግራፊክስ ካርድ የያዘው፣ ለፊፋ፣ ለጂቲኤ 5 እና ለካውንተር ስትራይክ 2 በፉል ኤችዲ ከበቂ በላይ ነው። ይህን ማንም አይከራከርም። የሚያከራክረው ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አቧራው በመስኮት እየገባ፣ መብራቱ እየሄደና እየመጣ፣ አቅሙን ይዞ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ይቆያል፤ ግን ከካርቶን እንደወጣ ከተጠቀማችሁበት አይደለም።

ከአየሩ እንነሳ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናቸው፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስለሚቀንስ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ሽምብራ እዚህ ቶሎ አልበስል የሚለውም በአየሩ መሳሳት ነው፤ ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን የሙቀት ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ፣ ጥቂት ዲግሪ ጨምሩበት። ደግነቱ ማታ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ከጉዳቱ የተወሰነውን ያካክሳል።

የፕሮሰሰሩ የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ 87 አካባቢ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፕሮሰሰሩ 90ን አለፈ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ለአጭር ጊዜ እስከ 95 ዋት እንዲስብ ሆኖ ነው የተሠራው። የሚያሳስበው ሙቀት የሚያሳየውን ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ከፍታችሁ ስታዩ «ተርማል ትሮትሊንግ» (በሙቀት ምክንያት ፍጥነት መቀነስ) ከሚለው መስመር ጎን «የስ» የሚለው ሳይጠፋ ሲቆይ ነው።

ጌም በተቆራረጠ ቁጥር ሁሉም ጣቱን ሙቀቱ ላይ ይቀስራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ካርዱ ከ80 ዲግሪ በታች ሆኖ ምስሉ ከቆመና ከዘለለ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው የካርዱ 6 ጊጋ ሜሞሪ ነው። አዳዲስ ከባድ ጌሞች ቴክስቸር (የምስሉ ገጽታ ጥራት) «አልትራ» ላይ ሲሆን ይሞሉታል፤ ወደ «ሚዲየም» ስታወርዱት መንተፋተፉ ይቆማል፣ የምስሉ ልዩነት ግን እምብዛም አይታይም። ሁለተኛው ራም ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስሎትስ ዩዝድ 1 ኦፍ 2» የሚል ካገኛችሁ ላፕቶፑ በአንድ ራም ብቻ ነው የሚሠራው። ፕሮሰሰሩ ዳታ የሚያገኘው በግማሽ ስፋት መንገድ ነው ማለት ነው፤ ጌሙ በአማካይ ጥሩ ፍሬም (በሴኮንድ የሚታይ የምስል ብዛት) እያሳየ ድንገት ድንገት ይወድቃል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የላፕቶፕ ዲዲአር5 ራም ጨምሩበት። ዲዲአር4 ማስገቢያው ውስጥ አይገባም፣ ሻጩ «ይሠራል» ቢልም።

ወደ ሴቲንጉ ስንመጣ፣ ኪቦርዱ ላይ ኤፍኤን እና ኪውን አብራችሁ ስትጫኑ የማብሪያው መብራት ቀለም ይቀይራል፦ ሰማያዊው ጸጥተኛ፣ ነጩ መካከለኛ፣ ቀዩ ሙሉ ጉልበት ነው። ለአብዛኛው ጌም ነጩ ይበቃል፤ በቀዩ የፋኑ ጩኸት ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ከዚያ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ማክስ ፍሬም ሬት» የሚለውን አብሩ፦ ለፊፋ 60፣ ለካውንተር ስትራይክ 144። ካርዱ ስክሪኑ የማያሳየውን ፍሬም እየሠራ በከንቱ እንዳይግል ከሁሉ ቀድሞ መደረግ ያለበት ይኸው ነው። አሁንም ከጋለ ዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት»ን ከ100 ወደ 99 አውርዱ። ቱርቦው (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት) ይጠፋል፣ ሙቀቱ በአንዴ ዝቅ ይላል። ዋጋው ግን አለ፦ ካውንተር ስትራይክ ፕሮሰሰር ስለሚወድ ፍሬሙ በደንብ ይቀንሳል፤ ፊፋ በ60 ላይ ብዙም አይጎዳም።

ላፕቶፑ አየር የሚስበው ከሥር፣ የሚተፋው በዋናነት ከኋላ ነው። ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጥ አፍንጫውን እንደ መድፈን ነው፤ ከግድግዳ ጋር ማስጠጋትም የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ማጠጣት ነው። ከኋላው አንድ ስንዝር ተዉለት፣ ከኋላ እግሮቹ ሥር ሁለት የሃይላንድ ክዳን አስገቡ። ባለ ብዙ መብራቱ ኩሊንግ ፓድ ከዚህ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ ገንዘቡን ለራሙ አውሉት።

አስፋልት ያልደረሰበት ሰፈር፣ በተለይ ታችኛው ፎቅ ላይ ከሆናችሁ፣ በበጋ በየሦስት ወሩ አጽዱት። አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የሥሩን ክዳን ብሎኖች ፈታችሁ በቅድሚያ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ላይ አላቅቁ። ፋኑን በስቴኪኒ ያዙትና በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ ሳትይዙት ንፋስ ከነፋችሁበት ከልኩ በላይ ፈጥኖ ይሽከረከርና ሊበላሽ ይችላል። አቧራው የሚጋገረው ፋኑ ላይ ሳይሆን ከፋኑና ሙቀቱን ከሚያስወጡት የመዳብ ክንፎች መካከል ነው፤ እንደ ስስ ጨርቅ ተነስቶ ይወጣል።

ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የማታው የመብራት መድከም አይጎዳውም። ጉዳቱ ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ግፊት ነው፤ ሲጠፋ ንቀሉት፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። በባትሪ ሲሆን ካርዱ የሚያገኘው ዋት በእጅጉ ስለሚቀነስ ጌሙ ይደክማል፤ ኦንላይን ከሆናችሁ ደግሞ ዋይፋዩም አብሮ ሄዷልና ጨዋታው አልቋል።

ስትገዙ «4050 ነው» የሚለው ብቻ አይብቃችሁ፤ ይኸው ስም ያለው ካርድ ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ይገጠማል። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ላይ «ማክስ ግራፊክስ ፓወር» የሚለውን ቁጥር አንብቡ፣ ቻርጀሩን ሰክታችሁ 15 ደቂቃ ከባድ ነገር አስኪዱበት። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ።